አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ለልጃችን ለሰብሌ፣

አምላከ ይምርሐነ ክርስቶስ እግርሽንም ትከሻሽንም ይጠብቅልሽ። እናትሽ ከአልጋዋ ሆና ትነግረኛለች፤ እኔ አጎትሽ ባምላክ እጽፋለሁ። ገብሱ ታጭዷል፣ ላሚቱም ወልዳለች። የእናትሽ ሕመም ግን ብሷል።

በሰው አገር ለምታሳዪው የእስክስታ ትርኢት ስትለማመጂ ተዝለፍልፈሽ መውደቅሽን ሰማን። የትርኢቱ ጉዞ እስኪጀመር ቤታቸው ያሳረፉሽ የዚያ አገር ቤተሰቦች «ብዪ» ሲሉሽ፣ እንደ ላስታ እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ትያለሽ አሉ። አንቺ እስኪለምኑሽ ስትጠብቂ እነሱ ሳህኑን ያነሳሉ። አንቺ ሞኝ! እስክስታሽ ባሕር ሲሻገር፣ ይሉኝታሽ ጋሸና ላይ ከመኪና ቢወርድ ምን ነበረበት? ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ቃልሽን አምነው ነው።

እኔ ስቄ ነበር፤ እናትሽ ግን አልሳቀችም። «ልጄ ጦሟን እያደረች እኔ አልጎርስም» ብላ ምግብ ከተወች ሰነበተች። መድኃኒቱ ደግሞ በባዶ ሆድ አይወሰድም።

«እታለም፣ በሞቴ አንዲት ጉርሻ» ብዬ ለመንኳት።

«ተወኝ፤ የእኔ ሞት ይቀርባል። ይልቅ በሞቴ ብዪ ብለህ ጻፍላት» አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩልሽ። ዘንድሮ እናትሽ «በሞቴ» ማለቷ ለወግ አይደለም። ገና አንዴ ሲጠይቁሽ «እሺ» በዪ። የሰው አገር ማዕድ ይስማማሽ፣ ያሳረፉሽም ቤታቸው ይባረክ። አፍሽን ሞልተሽ ፎቶ ተነሺና ቶሎ ላኪልኝ፤ እሱን እያሳየሁ ላጉርሳት።