ነጠላዬን የያዘው መዘውር

ፊደል ላስቆጠሩኝ ወንድሜ ለጋሼ ደምሴ፣

ጣሊያኑ አለቃ ሲያልፍ ካቦው «ተነሺ፣ እጅ ንሺ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጎንበስ ስል የጥጥ መዳመጫው መዘውር ነጠላዬን ከነእጄ ሳበው።

ለመሆኑ ጅቡቲ እንዴት ይዛዎታለች? እኔ አምላክ ይመስገን፣ አጠገቤ የምትሠራው ራቢዓም ትመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጆንያ በምትቀድበት ማጭድ ነጠላውን ቆርጣ አዳነችኝ። «ደሞ ለመዘውር ትሰግጃለሽ?» ብላ አሳቀችኝ።

ካቦው ጥፋቱን በእኔ አላከከ። እኔ ግን ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው እንዲያስሩ አስተምሬያለሁ።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፣ በግራ እጄ ነው። ቀኙን ራቢዓ በሙቅ ውሃ ታጥብልኛለች፤ ሙቀቱን ጣቶቼ ስለማይነግሩኝ የምትነግረኝም እሷ ናት።

ሸዋ ሮቢት ያለን የሁላችንም ናፍቆት ይድረስዎ። መዘውሩ እየዞረ ግን ከእንግዲህ ለማንም ጎንበስ አልልም።

እህትዎ ውድነሽ