አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ማታ 1፡30
አርባ ሁለት የፈተና ወረቀት፣ አርባ ሁለት ራስ ምታት። ማስታወሻዬ ሆይ፣ የ11ኛ ክፍልን ድንቁርና ተሸከምልኝ። ጥያቄ 5፦ 1,000,009 ፕራይም ነው ወይስ አይደለም? ምክንያት ስጥ። ነው እንጂ! ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ ድሮ በእጄ አካፍዬ ጨርሼዋለሁ። ግማሾቹ ገመቱ። የቀሩት ከጎናቸው ቀዱ፣ ያውም አሳስተው። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግሯ የምትመላለሰው ጽዮን ባሰች፤ አይደለም አለች። የ1000 ስኩዌርና የ3 ስኩዌር ሲደመሩ ይህን ቁጥር ይሰጣሉ፣ የ972ና የ235ም እንደዚሁ፤ በሁለት መንገድ ስለመጣ ፕራይም ሊሆን አይችልም ትላለች። አካፋዩስ? አልጻፈችም። ዜሮ ሰጠኋት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ጽዮን መምህራን ክፍል ድረስ መጣች። ያለዚያ ጥያቄ ለክ/ከተማው የሒሳብ ውድድር ነጥቧ አይሞላም፤ የተወዳዳሪ ስም ሰኞ ይላካል። አካፋዩን አሳዪኝ አልኳት። የጠየቁት ነው ወይስ አይደለም ብለው እንጂ አካፋዩን አምጪ አላሉም፣ አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ። ትሕትናዋ የባሰ አበገነኝ። የፊዚክሱ ጎረምሳ መምህር ጣልቃ ገባ፤ ጋሼ፣ በስልኬ አንድ ሰከንድ ነው ይላል። ስልኩን ቢቀሙት ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም። አልፈልግም አልኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ር/መምህሩ ጠራኝ። ግማሽ ይስጧትና ይብቃ አለኝ። ቁጥር እንደ ባልና ሚስት ጠብ በሽምግልና የሚያልቅ መስሎታል። እንዲህ ያለ ሰው ት/ቤት ይመራል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ሁሉንም አፍ ላስይዝ ብዬ ማካፈሉን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ለዚህ ቁጥር ከሺህ በታች ያሉትን ፕራይሞች መሞከር ይበቃል፤ አስተማሪዬ በስቴንስል አባዝተው የሰጡን ዝርዝራቸው አለኝ፤ እሱን እየገለበጥኩ ለስንት ዓመት ተማሪ አደልኩ። አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለም። ደስ አለኝ። ለወጉ ያህል ዝርዝሩን ቆጠርኩት፦ 167። መሆን ያለበት 168። ደግሜ ቆጠርኩ። 283፣ ቀጥሎ 307። መሃል ላይ 293 የለም።
ቁጥሩን ለ293 አካፈልኩት። 3413፤ ቀሪ የለም።
ሻዩ ቀዘቀዘ። ያን ሁሉ ዓመት ቆጥሬው አላውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 14
ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጽዮንን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለቱን ድምሮች ሠራኋቸው፤ ትክክል ናቸው። በሁለት መንገድ መምጣቱ ለምን ፕራይምነቱን እንደሚያፈርስ ግን እስከ ምሳ ባስበው አልመጣልኝም። ጎረምሳውን ሰደብኩ፣ ር/መምህሩን ሰደብኩ፤ ከሁሉ ደንቆሮው እዚህ መሪ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብሏል። አፈርኩ። ዜሮውን የሰጠኋት ሳይገባኝ ነው።

ነገ ከሰንደቅ ዓላማ በፊት ር/መምህሩ ቢሮ እገባለሁ። ስሟ ሳይገባ የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ከግቢ አይወጣም። ከዚያ 11ኛ ክፍል ገብቼ ተሳስቻለሁ እላለሁ፤ ጠመኔውን ለጽዮን እሰጥና እኔ ዴስኳ ላይ እቀመጣለሁ። ታስረዳኝ።