ፍርድ ቤት የሚያቆም ፓይ

ማክሰኞ፣ ጁን 4

እኔ ማሪት ሊንድክዊስት፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ (እናቴ ባትስማማም)፣ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። ማስረጃ በላሁ። ሲሶውን ብቻ።

ማስረጃው የቼሪ ፓይ ነው፤ ፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ጋገራ። አያቴ ጡረታ የወጣ ሐኪም ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ኢንሹራንስ የሌላቸውን በነፃ ያክማል። እኔ «ሕክምናው ነፃ መሆኑን አውቄያለሁ» የሚለውን ፎርም አስፈርማለሁ። አሁን ደግሞ ከመንግሥት ወረቀት መጣለት። በሽተኛ ቢከሰው መንግሥት ይቆምለታል... ለሕክምናው ምንም ካልተቀበለ ብቻ። ክሊኒኩን የሚመሩት ወይዘሮ ፈርን ሦስቴ አንብበው በሩ ላይ ለጠፉ፦ «እንቁላልም ቢሆን አንቀበልም።»

አቶ ሃርላን የእግራቸውን ቁስል ሊያሳጥቡ ፓይ ይዘው መጡ። ስኳር አለባቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ራሳቸው ናቸው የሚጋግሩት። አያቴ ፓይውን በሁለት ጣቱ ገፋው።

«ውሰደው ሃርላን። ይሄ ፍርድ ቤት ያቆመኛል።»

«አርባ ዓመት ጎረቤትህ ሆኜ የምከስህ መሰለህ?»

«አትከስም። ደንብ ነው።»

«እኔም ለማኝ አይደለሁም። የኔም ደንብ ይሄ ነው።»

አንድ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ እያነከሱ ወጡ። ቁስሉ ሳይታይ። ፓይውን ደረጃው ላይ ትተውት ሄዱ... ታዲያ ለወፍ ልተወው?

ጨው በዝቶበታል።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

አልመጡም። አያቴ በሩን አሥራ አንድ ጊዜ አየ። ቆጥሬያለሁ። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ስለው «ንፋስ እየገባ ነው» አለኝ። ምድር ቤት ምን ንፋስ አለ?

ከዚያ ቀስ ብሎ፦ «የስኳር ቁስል ቀን አይሰጥም። ጣቱን ሊያጣ ይችላል።»

«ፓይውን ተቀበላቸዋ።»

«ከተከሰስኩ ቤቱ ይሄዳል። ሴት አያትሽ እናንተ ጋ ነው የምትገባው። አንቺ ክፍል።»

ሴት አያቴ ታንኮራፋለች። ነገሩ ከባድ ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 13

በብስክሌት አቶ ሃርላን ቤት። እግራቸው እንዲገባ የቤት ጫማቸውን በመቀስ ቀደውታል። ጣታቸው አብጧል።

«እሱ ልኮሽ ነው?»

«አይ። ፓይዎን የበላሁት እኔ ነኝ። ልናዘዝ ነው።»

«እህ... እንዴት ነበር?»

«ጨው።»

ሳቁ። «ሚስቴ አሠራሩ ላይ የጻፈችው 'አንድ ቁንጥር ጨው' ብላ ነው። በማን ጣት እንደሆነ አልጻፈችም።»

ያኔ ሐሳቡ መጣልኝ። «እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን የጋራ ምሳ ነው። ሁሉም ያመጣል፣ ሁሉም ይበላል። ማን ለማን አመጣ የሚል የለም።»

«እኔ ካቶሊክ ነኝ።»

«እርስዎ ይቅሩ። ፓይዎ ይሂድ።»

ዓርብ፣ ጁን 14

ወይዘሮ ፈርን ደውለው የመንግሥቱን የሕግ ባለሙያ ጠየቁት። ስልካቸው ሁልጊዜ ለመንደሩ ሁሉ ነው የሚሰማው። ለሁሉም የቀረበ ምግብ የሐኪም ክፍያ አይደለም አላቸው።

«ዶክተሩ አንድ ቁራጭ ቢበላስ?»

«ይብላ።»

«ሁለት ቢበላስ?»

ሰውየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

አቶ ሃርላን መጡ! ፎርሙን ፈረሙ። አያቴ ቁስሉን አጥቦ ሲጠቀልል፦

«ሌላ አንድ ሳምንት ብትቆይ ጣትህ ይቆረጥ ነበር፣ ግትር።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

«እሑድ ከፓይዬ ቀመስክ?»

«ግሩም ነበር።» ሐኪም አይደል፣ ፊቱ ምንም አላሳየም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 30

በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ፦ «ምግብ ወደ ላይ፣ ለእሑድ ገበታ።» ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ስድስት ፓይ አለ። ወይዘሮ ፈርን ዘበኛ አደረጉኝ። እኔን።

አሁን ከማቀዝቀዣው ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። የአቶ ሃርላን ቼሪ ዛሬ ልክ ነው... ይመስለኛል። ለማጣራት ሌላ ቁራጭ ያስፈልጋል።

ደረጃው ላይ ኮቴ። አያቴ አይደለም፣ እሱ ታች ነው። ሁለት ጫማ፣ እኩል እርምጃ፣ የማያነክስ ሰው። ማን ነው እንዲህ የሚ...

«ማሪት። ጨዉስ?»