ለሚጮኸው የፊት መብራቴ ስለታዘዘልኝ የጆሮ ምርመራ

ክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በደኅና ጆሮ እንዲያገኝዎ እየተመኘሁ፣ ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ነገሬን በተራ በተራ ባቀርብ እንዳይሰለቹ እለምናለሁ።

አንደኛ፦ የድሮውን የፊት መብራት በኤልኢዲ አምፖል ያልቀየረ ምርመራ አያልፍም ባሉት መሠረት፣ እርስዎ በፈቀዱት ጋራዥ አስቀየርኩ። መንገዱ እንደ ቀን በራ፤ አመሰግናለሁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን መብራቱ ሲበራ ከመኪናው ሬዲዮ የሚወጣው የሚንሿሿ ጩኸት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ጥፋቱን ራሴ ፈለግሁ። ሞተር አጥፍቼ መብራት ሳበራ ሬዲዮው ይጮኻል፤ መብራት አጥፍቼ ሞተር ሳስነሳ ጸጥ ይላል። የቀኙን መብራት ገመድ ስነቅል ጩኸቱ ቀነሰ፤ የግራውንም ስነቅል ጨርሶ ጠፋ። ይህንኑ በሠንጠረዥ ባቀርብ፣ የመብራት ክፍልዎ «ጩኸት የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ ድምፅ ክፍል ላከኝ፤ የድምፅ ክፍሉም መብራቱን አስጠፍቶ የጭስ ማውጫውን ካዳመጠ በኋላ «ጩኸት የለም» ብሎ ማኅተም መታበት። ብከራከር መርማሪው በትሕትና «አባባ፣ መብራት ያበራል እንጂ አይጮኽም፤ ጆሮዎን ይታዩ» አለኝ።

ሦስተኛ፦ ታየሁ። ጆሮዬ ጤነኛ ነው ስትል ሐኪሟ የጻፈችው ማስረጃ ተያይዟል፤ የትኛው ክፍልዎ እንደሚረከበው ግን አላወቅሁም።

ይህን ያህል የምነዘንዘው ለዘፈን ብዬ አይደለም። ባለቤቴ የዓይኗን ብርሃን ካጣች ሁለት ዓመት ሆናት። በሳምንት ሦስት ቀን ጎሕ ሳይቀድ ለኩላሊት እጥበት ስወስዳት፣ በሬዲዮ የጠዋቱን ዜና የምታነበው ልጃችን ናት፤ መርፌው ከመግባቱ በፊት ያን ድምፅ መስማት ለእናትየዋ ግማሽ መድኃኒት ነው። መብራቱን እንዳላጠፋ ገደል እንገባለን። ባለፈው ማክሰኞ ባለቤቴ «ልጄን ጉንፋን ይዟት ይሆን?» አለችኝ። ጉንፋን ሳይሆን የእርስዎ መመሪያ ነው ብዬ ማስረዳት አቃተኝ።

የድሮውን አምፖል መልሼ እንዳስገባ አንድ መስመር ፈቃድ ቢጽፉልኝ ይበቃኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ እንደማይሉኝም አምናለሁ።

በሁለት ክፍሎችዎ መካከል እየተመላለስኩ፣ ለሁለቱም እኩል አክብሮት ያለኝ፣

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር

ማስታወሻ፦ ማኅተም የተመታበትን ሠንጠረዥ ይዤ ስወጣ፣ ሾፌርዎ በግቢው ውስጥ የመኪናዎን የፊት መብራት አብርቶ እየወለወለ ዜና ያዳምጥ ነበር። አንዲት ቃል እንኳ አልተዋጠችም። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ አምፖሎቹ የድሮዎቹ ናቸው። ለእርስዎ ፈቃዱን የጻፈልዎትን ክፍል የቢሮ ቁጥር ቢነግሩኝ፣ ነገ በጠዋቱ እሰለፋለሁ።