ከልጄ በር ውጭ

ለምወድሽ እህቴ፣ ከነልጆችሽ እንዴት ከርመሻል? እኛ ተመስገን ነው፤ ልጄ ከሁለት ወር በኋላ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገባች።

ሐኪሟ ሲሸኘን፣ «የሰውነቷ መከላከያ ከተወለደች ጀምሮ አይሠራም። ለሌላው ቀላል የሆነ ጉንፋን ለእሷ ቀላል አይደለም» አለኝ። ስለዚህ የስፌት ደንበኞቼን አሰናብቼ ግድግዳውን ሳይቀር በበረኪና አጠብኩት። ጎረቤቴ «ቤቱን ልትቀቅይው ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከትናንት ወዲህ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፤ የበረኪናው ሽታ ይሆናል። ትኩሳቴን ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ለካሁት። ምግቧን አፍንጫና አፌን ሸፍኜ በሯ ላይ አስቀምጬ ዞር እላለሁ።

ዛሬ ከውስጥ ሆና፣ «እማ፣ ፀጉሬን አትሠሪኝም?» አለችኝ።

«ልብስ እየሰፋሁ ነው የኔ እናት።»

«መኪናሽ እኮ አይሰማም!»

ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ምን ብዬ ላታልላት? በሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

እህት ዓለም፣ እናንተ ቤት ሳል የያዘው ሰው የለም አይደል? ይህን የሚያደርስልሽ የአውቶቡስ ሹፌር ነገ ማለዳ ይመለሳል። ሳላስፈቅድሽ ወንበር አስይዤልሻለሁ፤ ተቆጪኝ ግን ነይ።

እስክንተያይ ጤናሽን ጠብቂልኝ። ስትሰናበቺ ማንንም አትሳሚ።

ታላቅ እህትሽ