እስከ አፉ የማይሞላው ጋን

ካሳዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

አንተ ከሄድክ ወዲህ ስድስት ጊዜ ማር ተቆረጠ። ዘመኑን በሌላ ነገር መቁጠር አልለመድኩም። ዘንድሮ ክረምቱ ደግ ስለነበር ዳገቱ ሁሉ አብቦ ሰነበተ፤ ማሩም አንተ እንደምትወደው ነጭ ነው። ከቀፎዎችህ አንዳንዶቹ ግን ባዶ ናቸው። በድርቁ ዓመት የሄዱት ንቦች አልተመለሱም። የቀሩትን እኔው እጠብቃለሁ። ጭስ ሳበዛባቸው ከኋላዬ ቆመህ «ቀስ በይ እንጂ ጥሩዬ፣ የቤት ልጆች ናቸው» የምትለኝ ይመስለኛል፤ ዞር ስል ግንቡ ብቻ ነው።

ቤታችን ብታየው አታውቀውም። የሣሩ ክዳን ተነሥቶ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ልጃችን ብርቄ ናት ያሠራችው። ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሰው ጋር መነጋገር አይችልም ብለው ጎረቤቶች ያማርራሉ። እኔን አላስቸገረኝም፤ የሚቋረጥ ወሬ የለኝም። መብራትም ገብቷል። ጓዳው ውስጥ አንድ፣ እልፍኙ ውስጥ አንድ አምፖል ተሰቅሏል። የእልፍኙን ብዙ ጊዜ አላበራውም። ሲበራ ያንተ መደብ ባዶነት ጎልቶ ይታያል።

ማንበቤን አልተውኩም። ፊደል የለየሁት ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። መጨረሻው የተቀደደ ወሬ ሳነብልህ የጎደለውን አንተ ትቀጥለው ነበር። አንድ ትልቅ ሹም ወደ ውጭ አገር ተጓዙ ከሚለው ላይ ወረቀቱ ካለቀ፣ «እዚያ ጠጅ አጡና በማግስቱ ተመለሱ» ትላለህ። አሁን ወሬው ሁሉ በተቀደደበት ይቀራል።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ትንሹ ጋን ነው።

በሰፈራችን ጠጅ የሚጥል ሰው ሁሉ ጋኑን እስከ አፉ ሞልቶ፣ በጨርቅ አስሮ፣ በጭቃ ይመርጋል። አንተም ለሰው የምታቀርበውን እንደዚያው ነበር የምታደርገው። ከእሱ ላይ ግን ጥቂት ቀንሰህ፣ አጥልለህ፣ ወደ ትንሹ ጋን ትገለብጥና ከአፉ በታች ክንድ ያህል ታጎድልለታለህ። «አየሩም ድርሻውን ይውሰድ» ትለኝ ነበር። ማር ተቆርጦ እንደገና ማር እስኪቆረጥ ድረስ አትነካውም። ቢጫው ጠጅ እንደ አሮጌ ጠፍር ይጠቁራል። ጣፋጩ ይሄድና የገብስ ቆሎ፣ የሰም፣ የተቆላ ሱፍ የሚመስል ነገር ይመጣል። ያን ጊዜ ጠርሙስ ውስጥ ትጨምረውና ትንሽ ማር ጣል አድርገህ አፉን በሽቦ ታስረዋለህ። ሲከፈት ይንጫጫል፤ ምላስ ላይ ይረግጣል።

ሰው ሁሉ የተበላሸ ጠጅ ነው ይል ነበር። እኔና አንተ ብቻ ነበርን የምንወደው።

ቀጂ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት አስቀድሞ ከመዳፉ ይቀምስ የለ? አንተ ያን ልማድ ለሌላ ነገር አዋልከው። ጋኑ ሲከፈት የመጀመሪያውን ጠብታ መዳፌ ላይ ታንጠባጥብልኝና ዓይን ዓይኔን እያየህ «እህ? ደረሰ?» ትለኛለህ። አልደረሰም ካልኩ፣ ሳታጉረመርም መልሰህ ታስረዋለህ። ደረሰ ስል ነው አንተ የምትጠጣው። አንድም ቀን ቀድመኸኝ ቀምሰህ አታውቅም። በሰው ፊት ቃል የማይወጣት የምባለው ሴት፣ በዚያች ቀን ቤቱ ሁሉ የኔን አፍ ይጠብቅ ነበር።

ወዳጅህን አያ ድንቁን ታስታውሰዋለህ መቼም። ጦርነቱ ካበቃ ብዙም አልቆየም ነበር፤ እልፍኛችን ቁጭ ብሎ ብርሌውን ይዞ ሲጫወት፣ ጓዳ ካስቀመጥካቸው ጠርሙሶች አንዱ ፈነዳ። «ተከበብን!» ብሎ መሬት ላይ ተዘረረ። ተዘርሮም ብርሌውን አላፈሰሰም፤ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይዞታል። አንተ ሳቁ እንባ እስኪያመጣብህ ስቀህ፣ «ተነሥ፣ ጠላት አይደለም፣ ጠጅ ነው» አልከው። እሱ ግን ከተኛበት ሆኖ፣ «ካሳ፣ የሚተኩስ ጠጅ የሚጥል ሰው አንተን ብቻ አየሁ። ይሄን ነገር ወይ ጣለው፣ ወይ መሣሪያህን አስመዝግብ!» አለህ። ያን ቀን የሳቅኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

አንተ ስታርፍ ትንሹ ጋን ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እኔ ሐዘን ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጓዳውን ጎረቤቶች ያዙልኝ። አያ ድንቁ ለተዝካሩ የሚሆነውን ሊያይ ሲገባ ጋኑ ጎድሎ አገኘው። ለእንግዳ የጎደለ ጋን ትቶ ሄደ እንዳትባል ብሎ፣ ከራሱ ቀፎ ማር አምጥቶ በጥብጦ እስከ አፉ ሞላልህ። ለማንም አልተናገረም፤ ማር ይዞ ጓዳ ሲገባ ያዩት ሴቶች ናቸው ኋላ የነገሩኝ። ላንተ ክብር አስቦ ነው፤ ለኔም።

እኔ ያወቅኩት በተዝካሩ ቀን ነው። ለካህናቱ ከመቀዳቱ በፊት መዳፌ ላይ አንጠባጠብኩና ቀመስኩ። ጣፋጭ ነበር። አንተ የለህበትም ነበር።

ሰው ሁሉ ብርሌውን እያነሣ፣ ካሳ በመጨረሻ ጠጅ መጣል ቻለ፣ እንዲህ ያለ ጠጅ ከትንሹ ጋኑ ጠጥተን አናውቅም ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው የአያ ድንቁ ድምፅ ነው። እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ። አስከሬንህ ሲወጣ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። ለሰው የመሰለው ሌላ ነው። ማታውን ሴቶቹ ሊረዱኝ ጋኑን አጠቡት፤ ለሚቀጥለው ዓመት ጠጅ እርሾ እንዲሆን ከሥሩ ታስቀረው የነበረው አምቡላም አብሮ ፈሰሰ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሞከርኩ። አንዱ ዓመት ኮምጣጤ ሆነብኝ። ሌላው ዓመት እንደ ሰው ሁሉ ጠጅ ሆነ። ክንድ አጎደልኩ፣ ግማሽ ክንድ አጎደልኩ፣ የማስቀምጥበትን ማዕዘን ለወጥኩ። ጣዕሙ አልመጣም። የሚያስፈራኝ አለመምጣቱ ብቻ አልነበረም። ቀስ በቀስ ትዝታውም ከምላሴ ሊጠፋ ነው። መልክህን ፎቶግራፍ ይዞልኛል። ይህን ግን ከኔ በቀር የያዘ ሰው የለም፤ እኔ ከረሳሁት ጨርሶ አልነበረም ማለት ነው።

ባለፈው ጥር ብርቄ ከቤይሩት ለዕረፍት መጣች። የምትሠራላቸው ባልና ሚስት አሮጌዎች ናቸው። ከከተማው በላይ ተራራ ላይ ትንሽ የወይን ማሳ አላቸው፤ ሽማግሌው ራሱ ለቅሞ፣ ራሱ ጨምቆ፣ ለዘመድና ለወዳጅ የምትሆን ጥቂት ጠርሙስ ያወጣል። መጀመሪያ በርሜሉን ሞልቶ አይዘጋውም፣ ኋላም ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ አፉን በሽቦ ያስረዋል አለችኝ። ጎረቤቶቹ ይስቁበታል አለች። ስታወራኝ ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሣችም። «እማ፣ ቀድቶልኝ ስቀምሰው፣ አባዬ እዚህ ምን ይሠራል አልኩ።»

አንድ ጠርሙስ በቀሚሶቿ ጠቅልላ አምጥታለች። ከወልድያ ወዲህ ባለው መንገድ ስንት ጊዜ እንደተናወጠ አስበው። አያ ድንቁም ብርቄን እንኳን ደህና ገባሽ ሊል መጥቶ ተቀምጧል። አርጅቷል፤ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ሽቦውን ስትፈታው ቡሹ ጓ! ብሎ ቆርቆሮውን መታ፤ አረፋው መደቡን አለበሰው። እኔ ደነገጥኩ። አያ ድንቁ ግን የትም አልወደቀም። ቆቡን ቀስ አድርጎ አወለቀና፣ «ካሳ መጣ» አለ።

ብርቄ ወደ ብርጭቆ ልትቀዳ ስትል እጄን ዘረጋሁ። አስቤው አይደለም፤ እጄ በራሱ ሄደ። ልጅ ሆና ታየን ስለነበር ገባት፤ መዳፌ ላይ አንጠባጠበችልኝ። ቡኒ ነው። አረፋው ቆዳዬን ኮረኮረኝ። ቀመስኩት። ማር የለበትም፣ ጌሾ የለበትም፣ የሰው አገር ፍሬ ነው። ከዋጥኩት በኋላ ግን ከምላሴ ሥር የገብስ ቆሎው መጣ። ሰሙ መጣ። ካሳዬ፣ አልጠፋም ነበር። ምላሴ ይዞት ቆይቷል።

አያ ድንቁ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ፊቱን አጨማደደ። «አይ፣ ይሄስ ልክ እንደ ካሳ ተበላሽቷል» አለ። ከዚያ መሳቅ ጀምሮ መሳቁን መጨረስ አቃተው፤ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ጋኑን መሙላቱን ማወቄን አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ላንተ ሲል ያደረገውን ነገር ይዞ ይሙት።

ጠርሙሱ ሥር ጥቂት ጉንጭ ቀረ፣ ከአተላው ጋር። ብርቄ «ጠጪው እማ፣ ያንቺ ነው» አለችኝ። እጄ ላይ ይዤው ብዙ ቆየሁ። እንዲህ ያለውን ዳግመኛ አገኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሽማግሌው ታሟል፣ ማሳውንም የሚረከበው የለም ብላኛለች። ልጠጣው ከንፈሬ ድረስ አድርሼዋለሁ። ከዚያ ያ የታጠበው አምቡላህ ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ገባሁና፣ ጥዬው በነበረው አዲስ ብርዝ ላይ አፈሰስኩት።

ብርቄ ተመለሰች። ወደ አውቶቡሱ ስትገባ ዞራ አላየችኝም፤ ብታየኝ እንደማትሄድ አውቃ ነው። እኔም ጠጁ ሲበስል አጥልዬ ትንሹ ጋን ውስጥ ጨመርኩትና ክንድ ያህል አጎደልኩለት። ክረምቱን ሁሉ ጋኑ ጓዳ፣ እኔ እልፍኝ ሆነን ከረምን። በዚያ ሁሉ ዝናብ ውስጥ፣ በቤቱ ውስጥ ከኔ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ማሩን ቆርጬ ስጨርስ እጄን ታጥቤ ጭቃውን አነሣሁ። የሚያንጠባጥብልኝ ሰው የለም። በግራ እጄ ቀድቼ በቀኜ መዳፍ ላይ ላደርገው ስል ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ቀለሙ መጥቆር ጀምሯል። ቀመስኩት። ጣፋጩ ገና አለ፤ ከኋላው ግን፣ በጣም ራቅ ብሎ፣ አንድ ነገር አለ። ሰው ከዳገቱ ማዶ ሲጣራ እንደሚሰማው ያለ ነው። ቃሉ አይለይም፣ ድምፁ ግን የማን እንደሆነ ታውቃለህ።

«አልደረሰም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

መልሼ አሰርኩት።

ለሚመጣው ማር እቀምሰዋለሁ፤ ካልደረሰም ለሚቀጥለው። ደረሰ የምልበት ቀን ሲመጣ ከኔ ቀጥሎ የሚጠጣ አይኖርም፤ ያን አውቀዋለሁ። እስከዚያው ግን ሰው መጥቶ ይህ ጋን ምነው ጎደለ ቢለኝ፣ ልሙላልሽ ቢለኝ፣ እኔ ቃል የማይወጣኝ ሴት ተነሥቼ አፉ ላይ እቆማለሁ። እዚያ ላይ ያለችው ክንድ ያህል ቦታ ያንተ ናት። በሕይወት እስካለሁ ድረስ አልሞላትም።

ጥሩህ