ቦሼ የለካችው መግቢያ

ሶዶ፣ ኅዳር 1998 ዓ.ም.
ለወንድሜ ኤልሳዕ፣ አርባ ምንጭ

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ዛሬ እዚህ አንድ ጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቦሼ የምትባል በዊልቸር የምትሄድ ልብስ ሰፊ፣ ደረጃውን አስፈርሳ በቦታው ተዳፋት መውጫ ታሠራለች። ግንበኛው "እንዴ፣ ኢንጂነር ሆንሽ እኮ!" ሲላት፣ "አንተ በእግርህ ትለካለህ፤ እኔ በክንዴ ነው። መሐሉን ደልዳላ አድርገው፣ ሲደክመኝ ልረፍበት። ተሸካሚ ሳልጠራ ልግባ" አለችው።

እግሮቿ እንቢ ያሏት ሚስቴ እየሩሴ ትዝ አለችኝ። የኛን ጸሎት ቤት ሰባት ደረጃ አዝያት ስወጣ ሰው "ባል ማለት እንዲህ ነው" ይለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ "ዛሬ ይቅርብኝ" ማለት ስታበዛ፣ እምነቷ ቀዘቀዘ ብዬ በጉባኤ ፊት የጸሎት ርዕስ አድርጌ አቀረብኳት። አንገቷን ደፋች። እንዴት መግባት እንደምትፈልግ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። አሁን ይቅርታ እንዳልላት በሕይወት የለችም።

የአዲሱን ጸሎት ቤት መሠረት ሳትቆፍሩ ወንድም ትዕዛዝን ከነክራንቹ ውሰዱትና እሱ ይለካ። ለሚርያምና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የፖስታ ካርዱ ሞላ። ያን ቀን ለእሷ የጸለያችሁ ሁሉ፣ አሁን ለእኔ ጸልዩ።

ባሮክ